ባሌ ያስተካከለው የዓሣ ገንዳ

ባሌን ያደነቆረው የስኳር ፋብሪካው ሞተር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከውሃ መሳቢያዎቹ ጋር ሲውል ቀኝ ጆሮው ጭራሽ ሄደ፤ ግራውም ቢሆን አፌን አስጠግቼ ካልጮህኩበት አይሰማም ነበር። የማይሰማ ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ ልክ አያውቅም። "ጨው አቀብይኝ" ሲለኝ የናዝሬት ሰው ሁሉ ጨው ይዞ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ሳሎናችን ውስጥ የዓሣ ገንዳ ነበረን። ፋብሪካው ሲወረስ ወደ አገሩ የሄደው ፈረንጅ አለቃው ትቶለት ነው። ከላይ የመስታወቱ ገንዳ አለ፤ ከሥሩ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሌላ ገንዳ። ውሃው ከላይ ሞልቶ በቱቦ ይወርዳል፣ ታች ከሰልና ስፖንጅ ውስጥ አልፎ ይጠራል፣ ከዚያ ሞተሩ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲወርድ ጩኸቱ ለጉድ ነው! እንደ ተሰበረ ቦኖ ቀን ከሌት ይንሿሿል። ስንቴ በመጥረቢያ ልለው ተነሳሁ መሰላችሁ! እሱ እንደሆነ አይሰማው፤ ቁጭ ብሎ ዓሦቹን እያየ ፈገግ ይላል። አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ደርግ የጴንጤዎችን ቤተ ክርስቲያን ሲያሽግብን ግን ያ ጩኸት ባለውለታችን ሆነ። ጥቂት ጥቂት እየሆንን በየቤቱ መሰብሰብ ጀመርን፤ እሑድ ከሰዓት ተራው የእኛ ቤት ነበር። የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። ከመካከላችን አንዱን ቀበሌ ውስጥ ዘቅዝቀው ውስጥ እግሩን ገርፈውታል፤ እኛ ቤት የሚመጣው በሁለት ከዘራ ነው። ከተያዝን ደግሞ መጀመሪያ የሚዘቀዘቀው የቤቱ ጌታ ባሌ ነው። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ የሚኖረው አጥራችን ሥር! ባሌ "ጌታ ሆይ" ብሎ ሲጀምር የሚሸፍንልን ያ ውሃ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዓሦቹ መሞት ጀመሩ። ባሌ ገንዳውን ሲያጠናው ሰነበተና "ውሃው አይዞርም" አለኝ። ሞተሩ የሚመልሰው ውሃ እዚያው መውረጃው አጠገብ ይወድቅና ያው ራሱ ተመልሶ ይወርዳል፤ ማዶ ያለው ጥግ ግን እንደተኛ ነው፣ ቆሻሻውም እዚያ ይጠራቀማል። በዚያ ላይ የሚወርደው ውሃ እየተረጨ ሣጥኑን አበስብሶታል። ጊዜ ሳገኝ አስተካክለዋለሁ አለ።

እኔ ደራ ከተማ ለቅሶ ሄጄ አደርኩ። እሑድ ከሰዓት ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ የባሌን ድምፅ ሰማሁ። ከመንገድ ላይ! "ጌታ ሆይ፣ የታሰሩትን አስፈታልን" እያለ ይጮሃል፤ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። የውሃው ድምፅ የለም። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን እንዳነገተ አጥራችን ላይ ጆሮውን ለጥፏል። ሲያየኝ ቀና ብሎ ወደ በራችን መራመድ ጀመረ። ቀድሜው ሮጥኩ።

ሰዎቹ በጸሎቱ ተውጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ተንበርክከዋል። ባሌ መመለሻውን ቱቦ እስከ ማዶው ጥግ አስረዝሞታል፤ መውረጃውንም እንዳይረጭ ታችኛው ውሃ ውስጥ አጥልቆታል። ውሃው ጥግ ለጥግ ይዞራል፣ ዓሦቹ በደስታ ይዋኛሉ፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ዝም ማለቱን እሱ በምን ይወቅ? ደሜ ፈላ።

ከጓዳ ዘነዘናውን አነሳሁና ባለ በሌለ ኃይሌ መስታወቱን አልኩት። ውሃው ተዘርግፎ ሳሎኑን አጥለቀለቀው፤ ዓሦቹ ስብርባሪው ላይ ይፈራገጣሉ። ባሌ ዓይኑን ሲገልጥ በጥፊ አጮልኩት። "ከእኔና ከዓሣህ ምረጥ!" ብዬ ጮህኩ። በጥፊ ደገምኩት። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ጠባቂው የባልና ሚስት ጠብ መስሎት እንዲመለስ ብዬ ነው፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ንዴቴ የውሸት አልነበረም። ያን ሁሉ ወር የታመቀው ፍርሃቴ በእጄ ወጣ። ሰዎቹ ዘለው ክንዴን ያዙኝ።

ጠባቂው ገባ። "እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?" አለ።

"ሽማግሌዎች ናቸዋ!" አለ ከኋላው አንድ ሰው። ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው፤ የወሎ እስላም፣ የአስር ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ መስታወት ሲሰበር ሰምቶ የመጣ። እኔን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ወዲያው ገባው። "እኔንም ለዕርቅ ጠርተውኝ ዘግይቼ ነው እንጂ። ያ ረቢ! ይቺ ሴትዮ ዛሬስ ትገድለዋለች!" አለና ውሃው መሃል ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ጸሎት ሰምቻለሁ" አለ ጠባቂው።

"እንዲህ ያለች ሚስት ይዞ ባይጸልይ ነው የሚገርመው!"

ጠባቂው ወደ ባሌ ዞረ። "አንተ፣ ምን እያደረጋችሁ ነበር?" ባሌ አልሰማም። ሲወለድ ጀምሮ ውሸት የማይወጣው ሰው ነው፤ ቢሰማ ኖሮ ሁላችንንም ያስበላን ነበር። ተንበርክኮ አንዲት ዓሣ በመዳፉ ይዟል።

"አትመልስም?" ጠባቂው በሰደፍ ግራ ጆሮውን አለው። ባሌ ስብርባሪው ላይ ተደፋ። ዘነዘናው ገና እጄ ላይ ነበር፤ ባለሱቁ አንጓዬን ባይጨብጠኝ የዚያን ሰው አናት ለሁለት እከፍለው ነበር። ጠባቂው የእኔን ሁኔታ አይቶ ሳቀ። "ይቺ እያለችለት ቀበሌ ምን ይሠራለታል" ብሎ ወጣ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ሊመሽ ሲል እኔና ባሌ ወለሉ ላይ ስብርባሪ እንለቅማለን። ከግራ ጆሮው ደም አልቆመም። አብዮት ጠባቂው አጥሩ ሥር ሲያስል ይሰማኛል።

"ውሃው ሁሉም ጥግ ደርሶ ነበር" አለኝ ባሌ። ቀጥሎ ደግሞ እንደ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየ "እኔ እኮ በቀስታ ነበር የጸለይኩት" አለ።

ከመንገድ ነው የሰማሁህ ልለው አፌን ከፈትኩ። የምጮህበት ጆሮ ግን አልቀረለትም። ራሴን ነቀነቅኩለት፣ አዎ፣ በቀስታ ነበር።