በሁዳዴ የገቡብን ጃፓኖች

ኦስሎ ውስጥ በሁዳዴ ከሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች ሚስት የበለጠ የምትጾም ሴት የለችም። ሌላው ከሥጋና ከቅቤ ይጾማል፤ እኔ ከሰላምም ጭምር እጾም ነበር። ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ሠርግ ሲቆም ባሌ ቤት ይውላል፤ ባሌ ቤት ሲውል ደግሞ አርቲስት መሆኑ ትዝ ይለዋል።

እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ገደማ ነው። ብሪን ሰፈር ያለው የጎማ መጋዘን ውስጥ በሳምንት ጥቂት ቀን ከባሌ ጋር የሚሠራ ኖርዌጂያዊ የአንድ የጃፓን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ሲዲዎች አዋሰው። ሁሉንም አዋሰው፤ አንድ እንኳ አላስቀረም፣ እግዜር ይስጠው።

አራት ወንዶች ናቸው። በመጀመሪያው አልበማቸው ግራጫ ቱታ ለብሰው፣ ፊታቸውን በሞተር ብስክሌት ሄልሜት ሸፍነው፣ እንዳበደ የልብስ ስፌት መኪና ይንደቀደቃሉ። ይኼንንስ ወድጄው ነበር፤ ቤት ለመወልወል ይመቻል። በሁለተኛው ሄልሜቱን አውልቀው አንዲት ዘፋኝ አመጡ፤ ፍቅር ይዟቸው መሰለኝ። በሦስተኛው ዘፋኟን አሰናብተው የውሃ ጠብታና የአሳንሰር ድምፅ ቀጠሩ። በመጨረሻው ግን ነገሩ ሁሉ ባሰባቸው። አንዲት የፒያኖ ድምፅ ትመጣለች፤ ሌላዋ እስክትከተል ሽሮዬ ፈልቶ ይወርዳል። እኛ ከሥጋ እንጾማለን፣ እነሱ ከድምፅ ይጾማሉ።

«እድገት ማለት ይኼ ነው» አለኝ ባሌ። «ሰው ሲበስል የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የሚናገረው።»

«እንግዲያው አባቴ ከነሱ በፊት አድጎ ጨርሷል» አልኩት። «ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ አይልም።»

ችግሩ እሱም አብሯቸው ማደጉ ነው። የኪቦርዱን ከበሮ አጠፋ። ትቬይታ ጣቢያ እየወረደ የባቡሩ በር ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ይቀዳ ጀመር። አብራን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደግሞ ለዳግማ ትንሣኤ ልትዳር ነው፤ የሚጫወትላትም እሱ ነው።

«ጋሼ፣ በኔ ሠርግ በር ነው የምትዘጋው?» አለችው አንድ ቀን።

«ኔይ፣ ኔይ፣ መግቢያሽ ላይ ብቻ ነው» አላት፣ በኖርዌይኛ አይ እያለ።

መቀለዱ ቀላል ነው እንጂ፣ ሰውዬው ደስ ብሎት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ዘፈን ሲጫወት ሕዝቡ ክትፎውን እያየ ነው የሚያጨበጭበው። አሁን ለሙሽራዋ መግቢያ የራሱን ዜማ ሠርቷል። «አንዴ ብቻ ይስሙኝ» አለኝ፤ «ከዚያ እስኪደክማቸው አስጨፍራቸዋለሁ።» እህቴን እኔ አሳመንኳት።

የሠርጉ ቀን እህቴ በአዳራሹ በር ስትገባ የባቡሩ በር ተዘጋ። አንዲት ድምፅ መጣች። ከዚያ ጸጥ አለ። ሁለተኛዋ መጣች። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ጾሙን ሙሉ ያላገጥኩበት ነገር ሰውነቴን ወረረኝ። እህቴ ራሷ እርምጃዋን ቀስ አደረገች።

ሦስተኛዋን ግን አልሰማናትም። «ተቃጠለ!» የሚል ጩኸት ከወንዶቹ ጠረጴዛ ተነሣ። የኛ ሰው በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ጉዳይ አንድ ዓመት ሙሉ አይስማማም፤ ሠርግ ላይ መሣሪያ ዝም ካለ ግን በአንድ አፍታ ሁሉም ኤሌክትሪሻን ነው። አንዱ ሶኬት ነቀለ፣ አንዱ «ፊውዙ ነው» እያለ ወደ ጓዳ ሮጠ፣ አንዱ ኪቦርዱን በጥፊ መታው። ከሚዜዎቹ አንዱ ሲዲ ከፈተ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ባሌ ሲጫወት እንዲያ ተጨፍሮ አያውቅም።

እሱ ከኪቦርዱ ኋላ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ እንደ ልማዳችን የተጫዋቹ ግንባር ላይ ሊለጥፉ ብር ይዘው እየጨፈሩ መጡ። ግንባሩን አዩ፣ የተጣመረ እጁን አዩ። ፍትሐዊ ሰው ናቸው፤ ዞር ብለው ብሩን ስፒከሩ ላይ ሰኩት። ያን ጊዜ ቀልዴ ሁሉ ጠፋ።

ሲዲው ሲያልቅ የሙሽራው እናት መጡ። «ልጄ፣ ተሠራልህ? ምን ሆኖብህ ነበር?»

ባሌ ወደ እኔ አየ። ‹የራሴ ዜማ ነው› በላቸው፣ ንገራቸው፣ እላለሁ በልቤ።

«አዎ፣ ፊውዙ ነበር እማማ» አለ። «አሁን ተስተካክሏል።» ከበሮውን አበራና የተለመደውን የሠርግ ዘፈን ለቀቀው።

ሕዝቡ አጨበጨበለት። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ትከሻዬን እያሻሹ፣ «አይዞሽ፣ እህትሽ ሩቅ አልሄደችብሽም፤ እዚሁ ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር እኮ ነው የምትገባው» አሉኝ።