ከአሜን በቀር

ሕመሙ የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። ጠመኔው ከቀኝ እጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል ጣቶቼ አልጨብጥ አሉ። ነገሩን ንቄ በግራዬ አነሳሁትና ቀጠልኩ።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ ከተማችን በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ ግን አምቦ ነበረች። ግጥም ሳስተምር አንድ ልማድ አለኝ፤ ስንኙን አነብና የመጨረሻዋን ቃል እተዋታለሁ፣ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ይሞሏታል። የዚያን ዕለት የያዝነው የራሳችን ተማሪ የጻፈውን ግጥም ነበር። ልጁ ክረምት ላይ ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ወደ ቤቱ መሻገር ቢያቅተው፣ ከዚህ ማዶ ሆኖ እናቱን ተጣርቶ ከተማ ማደሩን የነገራት ቀን ነው የጻፈው።

ሁሉቃ ሲሞላ ድልድዩ ተሰብሮ፣
እኔ ብቀር እንኳ ድምፄ ሄደ በሮ።

"ሁሉቃ" አልኩና ቆምኩ። ቀጣዩ ቃል የለም። ረስቼው አይደለም፤ አውቀዋለሁ። ወደ አፌ የሚመጣበት መንገድ ነው የጠፋው። ልጆቹ ልማዴ መስሏቸው "ሲሞላ!" ብለው ጮኹ። ዝም አልኩ። "ድልድዩ ተሰብሮ!" አሉ። ዝም አልኩ። እየሳቁ እስከ መጨረሻው ወጡትና ደወል ሲደወል ሄዱ። ማንም አላወቀብኝም። ጠረጴዛውን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ፈራሁ።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ በደንብ አላስታውስም። ባለቤቴ ጫልቱ አፌ ጠመም ማለቱን አይታ አስተኛችኝ። ከጌዶ ገበያ ከብት እያመጣ የሚነግደው ጎረቤታችን ኦቦ ዱጉማ ገና ከበሩ ሆኖ፣ "ምች ነው፣ ፀሐይ መትቶታል" ብሎ ፈረደ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባሁ። ከዚያ ጠያቂ መጉረፍ ጀመረ።

የእኛ አገር ጠያቂ ከበሽተኛ ብዙ አይፈልግም። "እግዜር ይማርዎ" ይላል፤ በሽተኛው "አሜን" ይላል። "በቶሎ ያንሳዎ" ሲባልም "አሜን" ነው። የቀረውን ጨዋታ ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው ይጨርሱታል። እኔ ደግሞ አሜን ማለት እችል ነበር። ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ሰው ሲመርቀኝ አፌ ራሱ ይለዋል። ከአሜን በቀር ግን አንድም ቃል አልነበረኝም። ቤት ሙሉ ሰው ይከበኛል፤ "ተሻለው እኮ፣ ድምፁም ጥርት ብሏል" እያለ ይወጣል። እኔ ውስጤ እጮሃለሁ። አልተሻለኝም! የሚሰማ የለም። በቁሜ የተገነዝኩ መሰለኝ።

ያወቀችው ጫልቱ ናት። ሰዉ ሲወጣላት፣ "ወተት ላምጣልህ ወይስ ሾርባ?" አለችኝ።

"አሜን" አልኳት።

ሳቀች። "ምን አሜን ትለኛለህ፣ የቱን?"

"አሜን።"

ሳቋ ቆመ። አጠገቤ ተቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና፣ "እኔ ማነኝ? እስቲ ስሜን ጥራኝ" አለች። ጫልቱ ልላት ፈለግኩ። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ታገልኩ። "አሜን" አልኳት።

"ያ ዋቃ ኮ!" ብላ ጮኸች። አምላኳን ስትጠራ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው።

ኦቦ ዱጉማ የከብት መጫኛ መኪና ለምኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። ምች ነው ያለውም እሱ፣ የተሯሯጠልኝም እሱ ነው፤ አልተቀየምኩትም።

ሐኪሙ እጄንና እግሬን አነሳሳ፣ የደም ግፊቴን ለካ፣ የእጅ ሰዓቱን አሳይቶ ምን እንደሚባል ጠየቀኝ። አሜን አልኩት።

"ስትሮክ ነው" አለ። "በአንጎልዎ ውስጥ ቋንቋ የሚይዘው ክፍል ተጎድቷል። ይህን አፌዥያ እንለዋለን።"

ጫልቱ፣ "አእምሮው ሄደ ማለት ነው?" አለችው።

"አልሄደም። የምንለውን ሁሉ ይረዳል።"

ይህን ስሰማ አለቀስኩ። መኖሬን ያመነልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጫልቱ ግን ቀጥላ፣ "ይናገራል?" ብላ ጠየቀች።

"ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ግፊቱ ካልወረደ ደግሞ ሁለተኛ ሊመታው ይችላል።"

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር ፈራሁ። ማስነጠስ ፈራሁ። እንቅልፍ ፈራሁ፤ አሜንንም አጥቼ የምነቃ ይመስለኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ክፍሌ ነበር። ቃል የሌለው የቋንቋ አስተማሪ ምን ይሆናል? ከመታመሜ በፊት የአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ፣ የሥነ ጽሑፍ ሰዓት ተቀንሶ ለእርሻ ልምምድ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ያቀረበው የእርሻ አስተማሪው ታደሰ ነው። "ግጥም ጎተራ ይሞላል?" ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። እኔም ብዙ መልስ ነበረኝ። አሁን መልሱ ሁሉ ውስጤ እንዳለ ተቆልፎበታል።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ያ ታደሰ ሊጠይቀኝ መጣ። እግዜር ይማርህ ማለቱን አለ፣ አሜኔን ተቀበለ፣ ከዚያ ወሬ አለቀበት። ከእኔ ጋር ያለ ክርክር ተቀምጦ አያውቅም። ባርኔጣውን ያገላብጣል። በመጨረሻ፣ "ኧረ ገብሬ፣ ዝምታህ ከንግግርህ ባሰኝ" አለና ሊያስቀኝ ብሎ ድምፄን አስመስሎ ጀመረ። ክፍሎቻችን በአንድ ግድግዳ ስለሚለያዩ፣ ሳይወድ የኔን ትምህርት ሲሰማ ነው የኖረው።

"ሁሉቃ ሲሞላ ድልድዩ ተሰብሮ፣ እኔ ብቀር እንኳ ድምፄ ሄደ..." ብሎ ልክ እንደኔ ጣቱን ቀስሮ ቆመ።

"በሮ" አልኩ።

ጫልቱ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ታደሰ ጣቱን እንደቀሰረ ቀረ። "ድገመው" አለኝ፤ ልደግመው አልቻልኩም። ስንኙን ከመጀመሪያው ሲያነሳልኝ ግን እንደገና መጣ። በሮ። ሦስታችንም ያለቀስን ይመስለኛል፤ ታደሰ ግን እስከ ዛሬ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ይላል።

ሐኪሙ ነገሩ አላስገረመውም። "በዜማና በቃል የተያዘ ነገር አንዳንዴ በሌላ በር ይወጣል፤ በዚያው ግቡ" አለን። እኛም በዚያው ገባን። ጫልቱ ግጥሙን ከታደሰ ተምራ ጠዋትና ማታ ታስጀምረኛለች፣ እኔ እጨርሳለሁ፤ ቀስ በቀስ ሁለት ቃል፣ ከዚያ ግማሽ ስንኝ፣ በኋላም ሁለቱን ስንኞች ያለ እሷ እርዳታ መወጣት ቻልኩ። አንድ ቀን ውሃ ጠምቶኝ ውሃ የሚለው ቃል ቢጠፋኝ፣ ከግጥሙ ውስጥ ፈልጌ "ሁሉቃ" አልኳት፤ በጣሳ ይዛልኝ መጣች። ቀኝ እጄ ሸሚዝ መቆለፍ ሲያቅተው "ድልድዩ ተሰብሮ" እላታለሁ፤ እሷም እየሳቀች ትቆልፍልኛለች። ወሩ ሲገፋ "ጣሳው ሲሞላ" ማለት ቻልኩ፤ ይህ በቃሌ የያዝኩት ሳይሆን የራሴ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ምንም ሳልታገል፣ "ጫልቱ" አልኳት። "አቤት" አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የሥነ ጽሑፉን ሰዓት የሚወስነው ስብሰባ ሲደርስ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ መከራከር ግን ገና አልችልም ነበር። ታደሰ ተነሳና፣ "ግጥም ጎተራ አይሞላም፤ አሁንም እላለሁ። ግን ይህን ሰው ስናጣው ያገኘነው በሁለት ስንኝ ነው። ሰዓቱ አይነካ" ብሎ ተቀመጠ። አልተነካም።

ለጫልቱ፣ ለሐኪሙ፣ ለኦቦ ዱጉማ፣ ለባላጋራዬ ለታደሰም ምስጋናዬ አያልቅም። በቤታችሁ አፉ የጠመመ፣ እጁ የከዳው ሰው ካለ፣ ምች ነው ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ልትጠይቁት ስትሄዱም ምርቃታችሁን ከሰጣችሁ በኋላ በአሜን የማይመለስ ነገር ጠይቁት፤ ዝም ካለ ደግሞ በልጅነቱ በቃሉ የያዘውን አስጀምሩትና ጠብቁት። ጤነኞቹም፣ ልጆቻችሁ ግጥም በቃል ሲያጠኑ ሥራ ፈት አትበሏቸው። መቼ እንደሚያስፈልግ አይታወቅም።

እኔ ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ዛሬም ስንኝ እያነበብኩ ድንገት ቃል ይጠፋኛል። ያኔ ጣቴን ቀስሬ እቆማለሁ። ልጆቹ ልማዴ መስሏቸው በአንድ ድምፅ ይሞሉልኛል።