የጥላዬ ቋጠሮ

ይስማው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። አርብ ገበያ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተ ጀምሮ ያላነሳው ሙሽራ፣ ያላነሳው ተማሪ የለም። ጦርነቱ የመጣ ጊዜም ዘማቾቹን በራፉ ላይ አቁሞ፣ ከነስንቃቸው ከነዱላቸው ያነሳቸው እሱ ነው።

መርዶ ሲመጣ እናቶች ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ፈለጉ። "በዚህ ቡትቶ ሰው ፊት አይቅረብብኝ፤ የክት አልብስልኝ" አሉት። ይስማውም በኮምፒዩተሩ ሹራባቸውን አውልቆ ሱፍ አለበሳቸው፣ ከረቫት አሰረላቸው፣ ከኋላቸው አበባ ተከለላቸው። ደግ አደረገ። ቦታ ያጣብባል ብሎ ኦሪጅናሎቹን ማጥፋቱ ግን ምን የሚሉት ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ዘንድሮ መምህርት ጽጌረዳ የጦርነቱን ፎቶዎች መሰብሰብ ጀመረች። "ሳይረሳ ለልጆቻችን እናቆየው" ብላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለቻቸው። ወይዘሮ አመተ ማርያምም የልጇን የጥላዬን ፎቶ ወስዳ ሰጠች። አንድ ተማሪ አይቶ "ይሄ ሙሽራ ማነው?" ሲል ሰማችው። በነጋታው ይስማው በር ላይ ቆመች።

"የሄደ ዕለት ያነሳኸውን ስጠኝ" አለችው። "ስንቁን በነጠላዬ ነበር የቋጠርኩለት። ነጠላዬን ፍም በልቶት ነበር፤ እሰፋዋለሁ ስል ጥሩምባው ተነፋ። ቆሎው መንገድ ላይ ፈሶ፣ ርቦት ሞቶ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። ቀዳዳውን ቋጥሮት ከሆነ ፎቶው ላይ ይታያል።"

ይስማው "አጥፍቼዋለሁ" ሊል አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው። "አርብ ይምጡ፣ እትዬ" አላት።

ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒዩተሩ ላይ አጎንብሶ ከረመ። ሱፍ የለበሰውን ጥላዬን አውጥቶ የተቀደደ ሹራብ ሠራለት፣ ነጠላ ሠራ፣ ነጠላው ላይ ጠበቅ ያለ ቋጠሮ አከለበት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ልቡ ያውቀዋል። ያፍራል፤ ደግሞ ይቀጥላል።

አርብ ዕለት አመተ ማርያም ፎቶውን ወደ ብርሃን አውጥታ አየች፤ ቋጠሮውን በጣቷ ነካችው። "ቋጥሮታል" አለች። "ልጄ ሳይርበው ነው የሞተው።" ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ይስማው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

ፎቶው ትምህርት ቤት ተሰቀለ። ጽጌረዳ "ታሪክ ማለት ይሄ ነው" እያለች ለተማሪዎቿ አሳየች። ይስማው ይህን የሰማ ዕለት ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

በሚቀጥለው አርብ ፎቶ ቤቱን ሊከፍት ሲመጣ፣ ጥቁር ያላወለቁ እናቶች በራፉን ሞልተውት አገኘ። ከፊታቸው አመተ ማርያም ቆማለች። "እኔን እንዳሳረፍከኝ እነሱንም አሳርፋቸው ብዬ አመጣኋቸው" አለችው። አንዷ ሱፍ የለበሰ የልጇን ፎቶ ዘረጋችለት። "የእኔው ልጅ ጫማ አድርጎ ነበር? እሱን ብቻ አሳየኝ።"

ይስማው ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። ለስንቱ ጫማ ይሥራ? ለስንቱ ቋጠሮ? የአመተ ማርያምን ዓይን ማየት አቃተውና መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

"እናቶቼ፣ የለኝም። የአንዱም የለኝም። ልጆቻችሁን ሱፍ ያለበስኩላችሁ ጊዜ ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ።"

አመተ ማርያም ቀስ ብላ ቀረበችው።

"ታዲያ ቆሎው?" አለችው።