ባለሰይፏን አብራኝ ታይ የነበረች ሴት

በስደት፣ ጀብራ በሚባለው ሰፈር እሠራበት በነበረው ቤት፣ ከቀትር በኋላ የአሱር ሰላት ሲያበቃ ሥራ ይቆማል። አሰሪዬ ቴሌቪዥኑን ከፍታ «ያላ፣ ነይ ጀመረ!» ትለኛለች። ወደ አረብኛ የተመለሰ ተከታታይ ድራማ ነው፤ አባቷን የገደሉባት ሴት ሰይፍ ታጥቃ በፈረስ ጦር ትመራለች። ቀኑን ሙሉ ስትዋጋ ውላ ኩሏ እንኳ አይፈስም። እኔ ግቢ ጠርጌ ስጨርስ ፊቴ አቧራ ለብሶ ሌላ ሰው ስለምመስል፣ ይህ ሁሌ ያስቀኝ ነበር። ከኋላዋ ደግሞ ውሃ ይዛ የምትቆም አገልጋይ አለች። ያን ሁሉ ደም የነካው ልብስ የምታጥበው እሷ መሆን አለባት፤ ስሟን የሚጠራ ግን የለም።

ቢሆንም ባለሰይፏን እወዳት ነበር። ወሎ ሳለሁ ሴት ልጅ ስትፈራ እንጂ ስታስፈራ አላየሁም። አሰሪዬም ከኔ ብሳ ትወዳታለች። በሌላው ሰዓት መሬት የምቀመጠው እኔ፣ በድራማው ሰዓት አልጋዋ ላይ አጠገቧ ነኝ። ባለሰይፏ ስትቆስል እጄን ጨምቃ ይዛ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ባለሰይፏ ቁስለኛ ጓደኛዋን አላስነካም ብላ በር ላይ ቆመች። አሰሪዬ እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ወላሂ አንቺን ሊወስድ የሚመጣ መጀመሪያ እኔን ይወስዳል» አለችኝ።

አመንኳት። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው ካለፈበት ቆይቶ ነበር፤ «ኢንሻአላህ አሳድስልሻለሁ» እያለች ከረመች። በዚህ መሃል ባሕሪ የሚባለው ሰፈር የምትሠራ የአገሬ ልጅ ደወለችልኝ።

«ከሻ ወጥቷል፣ አፈሳ ነው! ፖሊሶቹ ኢቃማ የሌለውን ሐበሻ ቤት ለቤት እየለቀሙ ነው። በጓሮ ውጪና ጀሪፍ ሰፈር ያለችው አክስቴ ቤት ግቢ።»

«የኔዋ አሰሪ አሳልፋ አትሰጠኝም» አልኳት።

«አንቺ! ስለ ሴትዮዋ ነው ወይስ ስለ ፊልሟ ነው የምታወሪኝ?» ብላ ተቆጥታ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ ሁሉንም እሰማለሁ። «ሐበሻ አለች?» ሲሏት «የለችም» ብትል ይሄዱ ነበር፤ ጎረቤታችን እንዲያ ብላቸው አልፈዋታል። አሰሪዬ ግን፣ የደበቀ ሰው ይቀጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ይቀጣል አሏት። ያኔ በስሜ ጠራችኝ፣ ዕቃ እንዳመጣላት የምትጠራኝን ያህል ተረጋግታ።

ወጣሁ።

«ልብሷን ትያዝ፣ እባካችሁ» አለቻቸው። ደግነቷ ይህ ነበር!

«ልጄ ብለሽኝ አልነበረም?» አልኳት። ከፖሊሶቹ ይልቅ እሷን ጠላሁ፤ እነሱ ምንም ቃል አልገቡልኝም።

መኪናው ላይ የአገሬ ልጆች ታጭቀዋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና «አንቺንስ ማን ጠቆመብሽ?» አለችኝ።

አሰሪዬ ናት ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ሽሺ እየተባልኩ እሷን አምኜ ቁጭ ማለቴን እንዴት ብዬ ላውራው?

«ጎረቤት ናት» አልኩ።

«አላህ ቤቷን ያፍርሰው!» ብላ ረገመችልኝ።

አሜን አልኩ።