መስመር የሚያዘጋ ምላስ

ሴትዮዋ አስተርጓሚ ናት። የምትሠራውም ከቤቷ ነው፤ መኝታ ቤት ጥግ፣ በቁም ሳጥኑና በመስኮቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ። ጠረጴዛዋ ድሮ የልብስ ስፌት መኪና የነበረበት ነው። መኪናው ተነስቶ ኮምፒውተር ተቀምጦበታል። ከጀርባዋ አልጋው እንዳይታይ ነጭ አንሶላ ወጥራለች። ጆሮ ማዳመጫዋን ስታጠልቅ ሆስፒታሎች ይደውሉላታል፤ በስክሪኑ አንድ ጎን ሐኪም፣ በሌላው ጎን የሐኪሙ ቋንቋ የማይገባው ታማሚ፣ መሃል ላይ እሷ። ይህ ያለውን ለዚያ፣ ያ ያለውን ለዚህ ታቀብላለች። ሥራውን ትወደዋለች። ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ቤቱ የቆመው በዚሁ ሥራ ነው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ፣ ከታክሲ ነጂ ጋር ሲሰዳደብ፣ ከተሳፋሪ ጋር ሲቀልድ ኖሮ፣ ዓይኑ ደከም ሲል "በቃህ፣ እረፍ" ተብሎ ቤት ገባ። እረፍ ቢሉት ማን ሊያርፍ! ቤት የዋለ ሹፌር ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ዕድለኛ ነው። የድስቱ ክዳን ለምን እዚህ ተቀመጠ ይላል። መጋረጃው ለምን ተከፈተ፣ ለምን ተዘጋ ይላል። ሚስቱ የልብ ሐኪም እያስተረጎመች በሩን ብርግድ አድርጎ "ምሳ መቼ ነው?" ይላል። በመጨረሻ የእህቱ ልጅ አዘነችላቸውና አሮጌ ኮምፒውተሯን አምጥታ ሳሎን አስቀመጠችለት፤ ኦንላይን ዳማ እንዴት እንደሚጫወትም አሳየችው። ያን ቀን አስተርጓሚዋ እሰይ፣ ተገላገልኩ አለች። ምነው ባላለች ኖሮ!

ዳማ ያለ ለከፋ አይሆንም፤ ይህን የሚጫወት ሁሉ ያውቃል። ጠጠር እየበሉ ዝም ማለት ጨው የሌለው ምግብ መብላት ነው። ሹፌሩ ደግሞ በለከፋ የሚስተካከለው አልነበረም። በአውቶቡሱ ማዞሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቱን አስለቅሷል። ኦንላይኑ ላይ ግን የተለከፈ ሁሉ ስቆ አያልፍም፤ እሱ ይህን ከየት ይወቅ? ራሱን "አይነኬ" ብሎ የሰየመ አንድ ተጫዋች አገኘ። ሰው በሚያይበት ጨዋታ ደጋግሞ አሸነፈው። አሸንፎትም አልበቃውም፤ በቀጥታ የድምፅ ጥሪ ደውሎ "አንተ ጨቅላ፣ ሂድና እናትህ ጠጠር መቁጠር ታስተምርህ" አለው። አይነኬም "ቆይ፣ አሳይሃለሁ" ብሎ ወጣ። ሹፌሩ ሳቀ። ለሚስቱም አልነገራት፤ ምን ብሎ ይነግራታል?

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው።

አስተርጓሚዋ ለአንዲት ባልቴት ታስተረጉም ነበር። ልባቸውን የሚያማቸው፣ ቀጭን ድምፅ ያላቸው፣ በየቃሉ "ልጄ" የሚሏት እናት ናቸው። ሐኪሙ ስለ ኪኒናቸው እያስረዳ ሳለ ምስሉ ቀጥ አለ። የሐኪሙ አፍ እንደተከፈተ ቀረ፤ የባልቴቷም ዓይን እንደፈጠጠ ቀረ። ከዚያ ሁለቱም ጠፉ። ራውተሩን አጠፋች፣ አበራች። መብራቱ እንደ እብድ ያርገበግባል እንጂ ኢንተርኔት የለም። ሲመለስ ባልቴቷ ሳይገባቸው ወደ ቤታቸው ተሸኝተዋል። አለቃዋ ደውላ፣ "ታማሚ መሃል መንገድ ላይ ይጣላል እንዴ?" አለቻት። ይቅርታ አለች።

በማግስቱም ተቋረጠ። ከዚያም ወዲያ። ሁሌም በሥራ ሰዓት፣ ሁሌም ሹፌሩ ዳማ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፤ ግን ማን ልብ ይበል? ወደ ኢንተርኔት ድርጅቱ ደወለች።

"እናቴ፣ አጥፍተው ያብሩት" አላት ስልኩን ያነሳው ልጅ።

"አጥፍቼ አብርቻለሁ።"

"እንግዲያው ነቅለው ይሰኩት።"

"ነቅዬ ሰክቻለሁ!"

"መብራቱ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"የኔ ልጅ፣ መብራቱ ያለው የቀለም ዓይነት ሁሉ ነው! አንጀቴ ነው የጠቆረው!"

"ይገባኛል እናቴ። እስቲ አንዴ አጥፍተው ያብሩት።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ያልጠረጠረችው ሰው የለም። ፎቅ ላይ ያሉት ተከራዮች መስመራችንን እየጠለፉ ነው ብላ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቀየረች። ቴሌቪዥኑ ይሆናል ብላ ነቀለች። ግድግዳው ይሆናል ብላ ራውተሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። የስልኳን ኢንተርኔት ልትጠቀም ሞከረች፤ በዚያ ጥግ እሱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል፣ ለቪዲዮ አይሆንም። ሹፌሩም አብሯት መሰላል እየያዘ፣ "እነዚህ ድርጅቶች እኮ ሌቦች ናቸው" ይላል። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

በመጨረሻ የእህቱ ልጅ መጣች። ባንክ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። የራውተሩን ገጽ ከፍታ ጥቂት አየችና ቅንድቧ ተሰበሰበ።

"እትዬ፣ ይሄ ብልሽት አይደለም። ሰው ሆን ብሎ እየዘጋባችሁ ነው።"

"ማን? እኛ ምን አለንና?"

"የቤታችሁ መስመር በኢንተርኔት ላይ አድራሻ አለው፤ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር ያወቀ ክፉ ሰው ከብዙ ሺህ ኮምፒውተር የውሸት ጥሪ ይልክበታል። በርሽ ላይ ሺህ ሰው ተኮልኩሎ ቢያንኳኳ እውነተኛው እንግዳ መግባት ይችላል? እንደዚያ ነው። ቤት ውስጥ ሆነሽ ልትመልሺው አትችይም፤ ጥሪው ራውተሩ ጋ ሲደርስ መስመሩ አስቀድሞ ሞልቷል። ማጣራት የሚችለው ድርጅቱ ነው። የኛ ድርሻ ቁጥሩን ማስቀየርና አዲሱን መደበቅ ነው።" ከዚያ ወደ ሳሎን ዞረች። "ጋሼ፣ ከሰው ጋር ተጣልተሃል እንዴ?"

"እኔ? ከማን ጋር እጣላለሁ!" አለ ሹፌሩ።

ልጅቷ አላመነችውም። ድርጅቱ ጋ ደውላ በሙያው ቋንቋ ስታናግራቸው ያ አጥፍተው ያብሩት የሚለው ልጅ እንኳ ጨዋ ሆነ፤ ቁጥሩ ተቀየረ። ራውተሩን አደሰችው፤ ክፍት የነበሩ ቀዳዳዎችን ዘጋጋች። በሹፌሩ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቪፒኤን ጫነችለት፤ እውነተኛውን የቤት ቁጥር ከሚያወሩት ሰው የሚሸፍን መስመር ነው። "ያለዚህ እንዳትገባ። ከማታውቀው ሰው ጋር ደግሞ በቀጥታ የድምፅ ጥሪ እንዳታወራ፤ ቁጥርህ የሚታየው በሱ ነው። በጨዋታው ገጽ ላይ መጻፍ ትችላለህ፣ በሱ ቁጥርህ አይታይም። ሰማኸኝ ጋሼ?"

"ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ሕፃን አደረግሽኝ እኮ።"

ኢንተርኔቱ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። አስተርጓሚዋ ተነፈሰች። በሁለተኛው ቀን ግን ጸጥ! እንደገና መብራቱ አበደ። ቁጥሩ እንደገና ተቀየረ፤ እንደገና ተዘጋ። ድርጅቱ "እመቤት፣ በየቀኑ ቁጥር ልንቀይር አንችልም" ማለት ጀመረ። የእህቱ ልጅ ግራ ገባት። "አዲሱን ቁጥር ማን ነው የሚነግራቸው?" እያለች ጭንቅላቷን ትይዛለች። አለቃዋ ደግሞ መጨረሻውን ተናገረች፤ "ያቺ የልብ ታማሚ እናት ነገ ጠዋት ስለ ቀዶ ሕክምናዋ ልትወስን ነው። 'ያቺን ልጅ አምጡልኝ' ብላ ካንቺ ሌላ አላናግርም አለች። ለሷ ስል ነው የታገስኩሽ። ነገ ከተቋረጠ ግን በቃ፣ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ። አትቀየሚኝ።"

አስተርጓሚዋ የታጠበ ልብስ ልታወርድ ወደ ጓሮ ወጣች። ልብሱን ታቅፋ ስትመለስ ነው ከሳሎን የባሏን ድምፅ የሰማችው። አውቶቡስ ውስጥ እንደሚጮኸው ይጮሃል።

"አለሁልህ! ጣልኩት ብለህ ነበር አይደል? ይኸው ተነስቻለሁ! አንድ ጊዜ ብትዘጋኝ አሥር ጊዜ እከፍተዋለሁ፣ አንተ ጨቅላ! በል እስቲ አሁን ዝጋኝ!"

አይነኬ አላሳፈረውም። በተከፈተው የመኝታ ቤት በር የሚታየው፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ራውተር ወዲያው ማርገብገብ ጀመረ። ልብሱ ከእጇ ወደቀ።

"አንተ ነህ?" አለች። "አንተ ነህ እንዴ?"

ሹፌሩ ዞር ሲል ፊቱ በአንዴ ተለዋወጠ። "ምኑ?"

"ቁጥሩን የምትሰጠው አንተ ነህ! እኔ ግድግዳ ስወጣ፣ የሰው ስም ሳጠፋ፣ አንተ መሰላል ትይዝልኛለህ!"

"ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም! ሰላም ነው ያልኩት።"

"በቀጥታ አታውራ አልተባልክም? ያ ሽፋን የተባለውስ የት አለ?"

"አጠፋሁት። ጨዋታውን ያዘገይብኛል።"

"ወይ ፈጣሪዬ፣ ምን አድርጌህ ነው! እሺ ጨዋታው ይቅር፣ አሁን ምን ልትለው ነው የደወልክለት?"

ሹፌሩ ደረቱን ነፋ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። "ታዲያ ዝም ልበል? ዝም ካልኩ እኮ 'አሸነፍኩት' ነው የሚለው! ቤቱን ዘግቼ አስፈራርቼ አባረርኩት ይላል። ሰው ሁሉ ያያል።"

"ይበል! ያሸንፍ! የፊቱን መልክ የማታውቀው ሰው አሸነፈህ ቢል ከሰውነትህ ምን ይጎድላል?"

"አንቺ ዳማ አታውቂም። ተሸንፌያለሁ ከምል ሞቼ እገኛለሁ።"

"እንግዲያው እኔን ነው የምትገድለው" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ስለ ባልቴቷ ነገረችው፤ ስለ ነገ ነገረችው። ልብሱን ከመሬት ለቃቀመችና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሹፌሩ ሳሎን ቀረ። ምሳ መቼ ነው የሚለው ሰው፣ ያን ቀን እራቱን ራሱ አሙቆ አቀረበ።

የእህቱ ልጅ ዜናውን ስትሰማ መሳቅም መቆጣትም አቃታት። ድርጅቱን ለምና ለመጨረሻ ጊዜ ቁጥሩን አስቀየረች፤ ሽፋኑንም ማንም እንዳያጠፋው አድርጋ ቆለፈችው። "ሰውየው እልኸኛ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ ሊፈልግ ይችላል" አለች። "ቤት መጠበቅ እስከዚህ ነው። የቀረው በጋሼ ምላስ ነው።"

ጠዋት አስተርጓሚዋ ጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች። ባልቴቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ፣ "መጣሽልኝ ልጄ" አሉ። ሐኪሙ ጀመረ፤ ልብ እንዴት እንደሚከፈት፣ ምን ሊሳሳት እንደሚችል፣ ባይደረግ ምን እንደሚሆን። ባልቴቷ እየደጋገሙ ይጠይቃሉ፤ እሷ ታቀብላለች። መሃል ላይ ከሳሎን የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ ሰማች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሹፌሩ በሁለት ጣቱ ነው የሚጽፈው፤ እያንዳንዱ ቀጭታ አናቷ ላይ ነው ያረፈው። ተነስታ ልትሄድ አትችል፣ ልትጮኽ አትችል። ዓይኗን ከሐኪሙ አፍ ሳትነቅል ቀጠለች። አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል እያለች። አልጠፋም። ባልቴቷ አሰቡ፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻ "ይደረግልኝ" አሉ። እሷም ቃሉን አቀበለች።

ማዳመጫውን አውልቃ እንደ ጥይት ወደ ሳሎን ወጣች። ሹፌሩ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል።

"ተቋረጠ እንዴ?" አለ ቶሎ።

"አልተቋረጠም! ምን ስትጽፍ ነበር? ሰምቼሃለሁ! ዛሬ እንኳ? ዛሬ?"

"ምንም።"

"ተነስልኝ!"

ገፋ አድርጋው አነበበች። ከአይነኬ ስም ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ፣ ባሏ እንዲህ ጽፏል፦ "አሸነፍከኝ። ከእንግዲህ አልለክፍህም። ሚስቴ ሥራ ላይ ናት፣ ታማሚ እየጠበቃት ነው። እባክህን መስመሩን ተውላት።"

ከሥሩ አይነኬ የሳቅ ምስል ደርድሮበታል። "ሽማግሌው ተንበረከከ፣ ኑ እዩት" ብሎም ጽፏል። ሌሎችም መጥተው ስቀዋል፤ አሁንም እየሳቁ ነው። ከባሏ መልስ የለም።

አስተርጓሚዋ ቆማ ደጋግማ አነበበችው።

"እኔን በትዳራችን ሙሉ አንድ ቀን 'እባክሽ' ብለኸኝ ታውቃለህ?" አለችው። "ለዚህ ለባለጌው ግን ትላለህ!"

ሹፌሩ ግራ ተጋባ። "ታዲያ እባክህ ያልኩት ለማን ብዬ ነው?" አለ።

አንድ የሳቅ ምስል ተጨመረ፤ ከዚያም ሌላ። እሱ አንገቱን ደፍቷል።

"ዝጋው ይሄን ነገር" አለችው። "ሲስቁብህ ማየት አልችልም።"