የለንደን ሹም ሽር በቂርቆስ

ወልደአረጋይ እንግሊዝን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ ግን ስለ እንግሊዝ ከእሱ ቀድሞ አፉን የሚከፍት ሰው አልነበረም። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ መጋዘን ጸሐፊ ነበር። ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ለወልደአረጋይ የተረፈው የተሰባበረ እንግሊዝኛና ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻና ደብዳቤ እየጻፈ ይኖር ነበር። ኑሮው እንደማንም ነው። ክብሩ ግን የብቻው ነበር።

ይህ ክብር በወር አንድ ቀን፣ ወር በገባ በአሥራ አምስት፣ በቂርቆስ ማኅበር ላይ ይታያል። ማኅበርተኛው መደብና በርጩማ ላይ ተጣቦ ሲቀመጥ አንዲቷ ጀርባ ያላት ወንበር ለወልደአረጋይ ትተዋለች። ማኅበሩ ከቤት ቤት ሲዞር ወንበሯም ተሸክመዋት አብራ ትዞራለች። ጸሎቱ አብቅቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው አንድ ዙር ሲሄድ አንዱ ተነሥቶ በሩን ገርበብ ያደርግና፣ "እስቲ ጋሼ፣ እንግሊዝ ምን አለች?" ይላል። ወልደአረጋይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እውነቱን ለመናገር እሱም ከጣሊያን ጋዜጣ በቀር የሚያየው የለውም፤ ጋዜጣው እንግሊዝን አጥብቆ የሰደበ ዕለት "ፈርቷል ማለት ነው" ብሎ ይተረጉምላቸዋል። እነሱም ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

በሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት የግንቦት ማኅበር በእትዬ ገበያነሽ ቤት ነበር። ወልደአረጋይ ዘግየት ብሎ ደረሰና ወንበሯ ላይ ካሕሳይን ተቀምጦ አገኘው።

ካሕሳይ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ባሠራቸው አዳዲስ ቤቶች፣ ሰው ካዛንቺስ ማለት በለመደው ሰፈር፣ የአንድ ወንደላጤ ጣሊያናዊ አሽከር ሆኖ ምግብ ያቀርባል። ጣሊያኒኛውን አቀላጥፎ ነው የሚናገረው። ጌታው ምሳ ላይ መስኮቱን ዘግቶ፣ ለንደን በጣሊያኒኛ የሚያስተላልፈውን ሬዲዮ ይሰማል። አሽከር ጆሮ ያለው አይመስለውም።

"የጦሩም፣ የባሕሩም፣ የአየሩም ሚኒስትር በአንድ ሰሞን ተቀይሯል" አለ ካሕሳይ። "አዲሶቹ ለመድፍና ለአውሮፕላን የሚወጣው ገንዘብ ከእንግዲህ ልክ የለውም ብለዋል። የአገሩ ሀብት ሁሉ ለጦር ነው። ጌታዬ ይህን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።"

"ተባረክ" አሉ እትዬ ገበያነሽ። "እንዲህ ያለ የጠራ ወሬ ሰምተን አናውቅም።"

ወልደአረጋይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀና። የቀናው በወንበሯ ብቻ አይደለም፤ በሬዲዮው፣ በጣሊያኒኛው፣ በዚያች በተቀመጠች ሹካ ሳይቀር ቀና። እሱ በአራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሹካ አምጥቶላቸው አያውቅም። "ሹካ ማስቀመጥ ደግሞ ወሬ ሆነ?" አለ። የሰማውም የለ። ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ፤ ወልደአረጋይን ግን ከአጥንቱ በፊት ምላሱን ነው የበላው።

በማግስቱ የሻረግ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ባሏ መዝገቡ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ጫካ ነው። ጣሊያን ደግሞ ግንቦት ሳያልቅ ከነጠብመንጃው የገባ ይማራል ብሎ አዋጅ አስነግሯል። መዝገቡም ልግባ ወይስ ልቆይ ብሎ ልኮባታል። መልእክት የምታደርሰው ከሰል ሻጭ ነገ ጠዋት ትነሣለች።

"ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ካሕሳይ ያለው እውነት ነው?" አለች። "እውነት ከሆነ ቆይ ብለው ይጻፉልኝ። እንግሊዝ የማይመጣ ከሆነ ግን፣ በቃ፣ ልጆቹ አባታቸውን ይዩት።"

የካሕሳይን ስም ባታነሣ ኖሮ እውነቱን ይነግራት ነበር።

"ሦስት ሹም በአንድ ሰሞን ሲሻር ደግ ነው ብለሽ ነው?" አላት። "ሹም ሽር እኮ ነው፣ የሻረግ። እዚህ አይተሽው የለም? አዲሱ ሹም በመጀመሪያ የቀድሞውን ሰዎች ጠራርጎ ያባርራል። ከዚያ ዘመዱን ይሾማል። ከዚያ ግብር ያበላል። በዚህ መሐል ዓመቱ ያልቃል። ልክ የለውም ያሉት ገንዘብም መድፍ ሳይሆን በየሹሙ እጅ ይቀልጣል። ካሕሳይ ሳህን ያመላልስ እንጂ ይህን ከየት ያውቀዋል?"

የሻረግ አመነችው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው እንዴት አያምን? እኔም ብሆን አምነው ነበር።

ወልደአረጋይ ግን ሐሰት መሆኑን ያውቃል። አንድ ጊዜ ለንደን ሚኒስትር ተቀየረ ሲባል ደንግጦ፣ "ጌታዬ፣ እርስዎም ሊሻሩ ነው?" ብሎ ነጋዴውን ጠይቆት ነበር። እንግሊዛዊው እስኪያስለው ሳቀ። "በእኛ አገር ሰውዬው ይሄዳል፤ ሥራው እዚያው ወንበሩ ላይ ይቀጥላል" አለው። ይህን ለሰፈሩ ሳይነግር የቀረው ስለተሳቀበት አፍሮ ነው። አሁን ብዕሩን ይዞ ሳለ ያ ሳቅ ትዝ አለው። ትዝ እያለውም "ግባ" ብሎ ጻፈ።

መዝገቡ ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ገባ። ስድስት ቀን ከልጆቹ ጋር አደረ። ሰኔ ሦስት ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት አወጀና በማግስቱ ከጫካ የገቡትን ከየቤታቸው ለቅሞ በካሚዮን ጫናቸው። ወዴት እንደወሰዳቸው የተናገረ የለም። በሰኔ ማኅበር ወልደአረጋይ አሞኛል ብሎ ቀረ።

በዓመቱ የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ሰፈርተኛው እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ፈለገና ከጠረጴዛው ፊት ተሰለፈ። እትዬ ገበያነሽ ወንበሯን አስይዘው ላኩለት። ካሕሳይንም በዚያው በሰልፉ መጨረሻ ቆሞ አየው፤ ማመልከቻ ሊያጽፍ መጥቷል። ወልደአረጋይ ወንበሯን ተደግፎ እሱን እስከ ቀትር አስቆመው። ደስ አለው፤ አልክድም፣ በጣም ደስ አለው።

ከቀትር በኋላ የሻረግ መጣች። ባሌ የት እንደተወሰደ ይፈለግልኝ ብላ ለእንግሊዙ መኮንን ልታጽፍ ነው። ወልደአረጋይ ግማሹን ጽፎ ሳለ ረጋ ብላ ተናገረች።

"ካሕሳይ ያኔ እውነቱን ነበር። እርስዎን ግን አልቀየምዎትም፣ ጋሼ። ሬዲዮ የለዎት፣ ከየት ያውቁታል? ካሕሳይ ነበር የሚያውቀው።"

ሌላ ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ዝም ይላል። ይቅርታው እንደ ምርቃት ነው። ወልደአረጋይ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

"አውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ሹም ቢቀየርም ሥራው እንደማይቆም። ካሕሳይ ሬዲዮ ሳያይ በፊት አውቅ ነበር።" ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የተናገረውን የሰማው። ከብዕሩ ቀለም ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

የሻረግ አልጮኸችም። ሰልፉም አልሰማም። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ፣ ቀለሙ ጠብ ካለበት ዝቅ ብሎ፣ አኖረች።

"እንግዲያው ያንንም ይጻፉት" አለች። "ግባ ብሎ የጻፈለት ማን እንደሆነ፣ ምን እያወቀ እንደጻፈም። ለካሕሳይ አስነብበዋለሁ ብዬ አላስፈራራዎትም፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። ብቻ ይጻፉት።"

ወልደአረጋይ ብዕሩን ነከረ። ቃሉን አጥቶት መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። እሷ ቆማ ትጠብቀው ነበር።