ስክሪኔን የመረጡልኝ መሪጌታ

ዛሬ ቡሬ፣ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ በደስታ ዘለልኩ!

ጎረቤቴ መሪጌታ ቀለም ራሳቸው አዘጋጅተው ብራና ላይ የሚጽፉ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸውን ፎቶ አንስቼ፣ አስተካክዬ፣ አትሜ ብወስድላቸው ሁለት ጊዜ "ይሄ የኔ ቀይ አይደለም" ብለው መለሱልኝ።

ጥፋቱ የስክሪኔ ነበር። ቀዩን አጋኖ ያሳየኛል፤ እኔ ደግሞ እየቀነስኩ አደበዝዘዋለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ከመዋረድ ብዬ ዛሬ እሳቸውን፣ አንዲት የብራና ቅጠልና ያላስተካከልኩትን ፎቶዋን በፍላሽ ይዤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሄድኩ።

ባለሱቁ ፎቶውን በጣም በሚያበራው ስክሪን ላይ ከፈተልን። "ጋሼ፣ ይሄ ዓይን ይስባል!"

"ዓይን የሚስብ ማን ጠየቀህ? እውነቱን የሚያሳይ ነው የምልህ!" ብዬ ጮኽኩበት።

መሪጌታ ብራናዋን ከስክሪኑ አጠገብ ያዙና "ልጄ፣ ይሄ ቀይ ገና አልበሰለም" አሉት። ሁለተኛውን አይተው "ይሄስ አርሯል።"

(ባለሱቁ ሱቁን ወጥ ቤት ያደረግንበት ሳይመስለው አልቀረም።)

ሦስተኛውም አላለፈም። አራተኛው ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ነበር። መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ይሄ ከእጄ የወጣው ነው" አሉ። ያኔ ነው የዘለልኩት፤ ወዲያው ገዛሁት።

አሁን ቤቴ አጠገቤ ተቀምጠው ገጽ በገጽ እያረሙኝ ነው። ሰው ሲያርመኝ ደስ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው!

እናንተስ ስክሪን ስትገዙ ከምን ጋር አስተያያችሁት? ወይስ ባለሱቁን አምናችሁ ወጣችሁ?